በረኛ ያደረጓት ልጅ

«አንዲት ልጅ ነበረች» አሉ መምህሩ። «ጥር አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ኳስ በዱላ በሚመታበት በሴቶች ሆኪ ውድድር ፍጻሜ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው፣ በረኛዋ መከላከያዋን ከእግሯ ፈትታ ከግቡ ጎን አስቀመጠችና ወደ ፊት ሮጠች።»

ይህን የሚናገሩት ለአንዲት አዲስ አሰልጣኝ ነበር። አሰልጣኟ የሃያ ሁለት ልጆችን ቁመትና የትከሻ ስፋት ለክታ በደብተር ጽፋ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ቀጭኗን ከፊት፣ ደንዳናዋን ከኋላ ባቆም ልክ ነኝ?» ብላ ጠይቃቸዋለች።

ያቺ በረኛ የወፍጮ ቤት ልጅ ነበረች። ጆንያ እየተሸከመች በማደጓ ትከሻዋ ሰፍቷል፤ ባቷም ደንድኗል። ቡድኗ ሲቋቋም የዚያን ጊዜው አሰልጣኝ ልጆቹን አሰልፎ አያቸው። ለበረኛ የሚሆን አንድ ጥንድ የእግር መከላከያ በስጦታ አግኝቶ ነበር፤ እንደ ፍራሽ የወፈረ ነው። ቀጫጮቹ ሲያስሩት ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ይወርዳል። በእሷ እግር ላይ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ።

«በቃ፣ አንቺ በረኛ ነሽ» አላት።

«በሩ መዝጊያ አገኘ!» አለች አንዷ። ሁሉም ሳቁ፤ እሷም አብራ ሳቀች።

ስድስት ዓመት ግብ ጠበቀች። መጥፎ በረኛ አልነበረችም፤ ጥሩም አልነበረችም። በረኛ ጨዋታውን የምታየው ከጀርባ ነው። ጓደኞቿ ወደ ፊት ሲነጉዱ የምታየው የማልያቸውን ቁጥር ብቻ ነበር። ግብ ሲገባ ማን እንዳስቆጠረች የምታውቀው ማንን እንደከበቡ አይታ ነው። ደስታውን ልትካፈል በዚያ ከባድ መከላከያ እየተንገዳገደች ትነሳለች፤ የሜዳው አጋማሽ ላይ ስትደርስ እነሱ ተቃቅፈው ጨርሰው ወደየቦታቸው እየተመለሱ ያገኟታል። አንዷ ትከሻዋን መታ አድርጋት ታልፋለች። እሷም ተመልሳ ትቆማለች።

ልምምድ ሲያበቃ ብቻዋን ትቀር ነበር። ኳሷን ከአጋማሹ እየገፋች ወስዳ ባዶው ግብ ውስጥ ትመታታለች። ያ ሰፊ ትከሻ ዱላውን ሲሰነዝረው ኳሷ ከግቡ ሳንቃ ስትጋጭ ድምፁ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። ማንም ግን ምን ይሆን ብሎ ዞር አላለም።

አሰልጣኙን ሁለት ጊዜ ለመነችው።

«አንድ ጨዋታ ብቻ አጥቂ አድርገኝ።»

«መከላከያውን ማን ያድርገው ታዲያ? ከአንቺ በቀር ለማን ይሆናል?»

ተመልሳ መከላከያውን አሰረች። ሁለተኛውም ጊዜ እንዲሁ ሆነ።

በፍጻሜው ቀን አንድ ለዜሮ እየተመሩ ነበር። ዳኛዋ ጨዋታውን ለአፍታ ስታቆም ልጅቷ መከላከያውን ፈታች።

«አንቺ! በርሽን ከፍተሽ ወዴት ነው?» ብላ ተከላካይዋ ጮኸች።

ዞራም አላየች። ኳሷ ደረሰቻት፤ ሁለት ጊዜ ገፋቻትና መታቻት። መረቡ ተወጠረ። አንድ ለአንድ። ጓደኞቿ እየጮሁ መጥተው ከበቧት። በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በክበቡ መሃል ቆመች፤ ፊታቸውንም አየች።

ከሦስት ደቂቃ በኋላ ተጋጣሚዎቹ ባዶውን ግብ አገኙት። ሁለት ለአንድ ተሸነፉ። አሰልጣኙ ማልያዋን ተቀበላት። ወደ ወፍጮ ቤቱ ተመለሰች፤ ዳግም ሜዳ አልረገጠችም። ግን የጨዋታ ቀን የሜዳው ጩኸት ሲሰማ ወፍጮውን አቁማ እንደምታዳምጥ ደንበኞቿ ይናገራሉ።

መምህሩ ወደ አሰልጣኟ ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ አንቺም ሜትር ይዘሽ መጥተሻል። ያ ሰው ልጅቷን ለዕቃው ለካት እንጂ ለጨዋታው አልለካትም። ትከሻዋን አየ፤ ትከሻዋ ምን እንደሚችል አላየም፤ ልቧ የት እንዳለም አልጠየቀም። የአንቺ ሜትርም የልጆቹን ስፋት ይነግርሻል፤ ከዚያ ወዲያ አያውቅም። መለካቱን ለኪ። ከዚያ ግን ደብተሩን ዝጊና አጫውቻቸው፤ ምን እንደሚመኙም ጠይቂያቸው።»

አሰልጣኟ ጠየቀች፦ «ግን ጋሼ፣ መከላከያው ለሌላዋ ካልሆነ ሰውየውስ ምን ያድርግ?»

«ባለፈው ዓመት ያንኑ መከላከያ ጫማ ሰፊ ዘንድ ወሰዱት» አሉ መምህሩ። «ሊጠግነው ገበሩን ቢተረትረው ከውስጥ ከመጀመሪያው አብሮ የተሠራ ማጥበቂያ ጠፍር አገኘ፤ በሁለቱም ላይ። ሲጠብቅ ከሁሉም ለቀጠነችው ልጅ ልክ ሆነ።»