ረግረጉ ውስጥ የቀረችው ሽመላ

አንድ ጊዜ፣ ዝናቡ አባርቶ ምድር ልምላሜ በለበሰችበት ወራት፣ ጎሾች አንበሳ ዘንድ ቀርበው «ጌታችን፣ ረግረጉን ይስጡንና እንንከባለልበት» ብለው ለመኑት።

አንበሳ እግዜርን የሚፈራ ንጉሥ ነበር። «አስቀድሞ ወፎቹ ይታዩ። ወፍ የሌለበትን እሰጣችኋለሁ፤ ወፍ ያለበትን ግን ማንም አይረግጠውም» አለ። ቀበሮን ወደ ጫካው፣ አህያን ወደ ሜዳው፣ ጅብን ወደ ረግረጉ ላከ።

ቀበሮ አፏን እየጠረገች ተመለሰች። «ጫካው ወፍ ሞልቶታል፤ ቆቅ ብቻ ትንሽ ቀንሳለች።»

«መቼ ቀነሰች?»

«እኔ ስመለስ፣ ጌታዬ።»

አህያ «ሜዳው ደኅና ነው፤ ወፎቹ ጀርባዬ ላይ አርፈው መዥገሬን ሲለቅሙ ዋሉ» አለች።

ጅብ ደግሞ እንደ ልማዱ ቀኑን ተኝቶ፣ ከጨለመ በኋላ ውሃውን እያንቦጫረቀ ዞሮ ነበር። «ረግረጉ ባዶ ነው፤ ላባ እንኳ አላየሁም» አለ።

«እንግዲያው ነገ ጎሾቹ ይግቡበት» አለ አንበሳ።

አህያ ወደ ማደሪያዋ ስትሄድ ጠማትና ረግረጉ ዳር ጎንበስ አለች። ከቄጠማው መሃል ሽመላ አንድ እንቁላል ታቅፋ ተቀምጣለች።

«እመት ሽመላ፣ አለሽ እንዴ? አያ ጅቦ እኮ ማንም የለም ብሏል።»

«ሲመጣ ትንፋሼን ዋጥኩ፤ እንቁላሌን ካገኘው አይምረውም። አንቺን ምን ብዬ ልፍራሽ?»

«ነገ ጎሾቹ ሊገቡ ነው፣ እህቴ።»

ሽመላ ክንፏን በእንቁላሉ ላይ ይበልጥ ዘረጋች። «ወዴት ልውሰደው? እንቁላል እግር የለው።»

አህያ ጥሟንም ሳትቆርጥ ተመልሳ ለአንበሳ ነገረችው።

ጅብ ሳቀ። «እንቁላል ደግሞ ወፍ ነው? በሉ እኔ ላምጣውና እዚሁ ይታይ።»

«አንተ ካመጣኸው የሚታየው ሆድህ ነው» አለች ቀበሮ።

«ራሴ አያለሁ» ብሎ አንበሳ ተነሣ።

አህያ ፊቱ ቆመች። «ጌታዬ፣ እርስዎን ካየች ደንግጣ ትበርራለች፤ እንቁላሉም ይበርደዋል። እባክዎ ዝቅ ብለው ከኋላዬ ይምጡ።»

«ንጉሥ ከአህያ ኋላ?» አለ ጅብ።

አንበሳ ግን ሆዱን ከጭቃው አጣብቆ፣ ጎፈሩን ሣሩ ውስጥ ቀብሮ፣ የአህያዋን ጅራት እየተከተለ ተሳበ። ሽመላ የአህያዋን ኮቴ ስትሰማ አልሸሸችም። ብድግ ብላ እንቁላሉን በመንቆሯ ቀስ አድርጋ አገላበጠችው። ከውስጡ ጺው ጺው የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ ጫጩቱ እናቱን ይጠራል።

አንበሳ ጎፈሩ ጭቃ እንደለበሰ ተመልሶ ጎሾቹን «ረግረጉ ባለቤት አለው። እናንተ ወንዙን ተሻገሩ፤ እግዜር ለእናንተም ውሃ አያጣም» አላቸው። ጅብንም ከዚያ ወዲያ ወፍ እይ ብሎ አልላከውም።

ከዚህ የምንማረው፣ ከእኛ የተሸሸገውን የፈጣሪ ፍጥረት «የለም» ከማለታችን በፊት፣ ሌላውን የሚያስፈራውን ነገራችንን ጥለን ዝቅ ብለን መቅረብ እንዳለብን ነው።