በግራ እጅ የተፈተለ ቀሚስ

«አንዲት ፈታይ ነበረች» አሉ መሪጌታ እንግዳሸት፣ ድምፃቸው ገና ከቁጣው ሳይበርድ።

ያስቆጣቸው እንዲህ ነው። ትርንጎ የምትባል የደብሩ ልጅ ለነዳያን ይሰጥልኝ ብላ አራት ከረጢት ልብስ አምጥታ ከደጀ ሰላሙ ፊት አራገፈች። አብዛኛው አንዴ ተለብሶ የተጣለ ነው። አንድ ሽማግሌ ነዳይ ከመካከሉ አንዱን አንስተው ክንዳቸውን ቢያስገቡ እጅጌው ተገንጥሎ እጃቸው ላይ ቀረ። አጥፈው፣ እግዜር ይስጥልኝ ብለው መለሱላት። መሪጌታ ይህን አይተው ገሠጿት። እሷም ከፋትና፣ «መሪጌታ፣ አልሰረቅሁ፣ አልቀማሁ። ረከሰልኝ፣ በገንዘቤ ገዛሁ፤ ሲሰለቸኝ ሰጠሁ። ማንን በደልኩ?» አለቻቸው። እሳቸውም የነገሯት ይኸውና።

አንዲት ፈታይ ነበረች። ጥጥ በሚበቅልበት ቆላ የምትኖር ግራኝ ሴት ናት። እንዝርቷን በግራ እጇ ስለምታሾር ክሯ የሚከርረው ከሌላው ፈታይ ሁሉ በተቃራኒ ነው። ልጅ ሳለች እናቷ እጇን እየመታች ወደ ቀኝ ልትመልሳት ታገለች፤ ሲያቅታት ተወቻት። ውሎ ሲያድር ግራኝነቷ ስም አወጣላት። ዓይኑን የጨፈነ ሸማኔ እንኳ ክሯን በጣቱ ዳሶ የእሷ መሆኑን ያውቃል። ባሏም ሸማኔ ነው። እሷ ትፈትላለች፣ እሱ እግሩን ከጉድጓዱ ከትቶ ይሸምናል። አንድ ቀሚስ ወር ይፈጅባቸዋል። የገዛችው ሴት ደግሞ ሰባት ዓመት ለብሳው፣ ከዚያ ለልጇ ታወርሰዋለች። በዚህ የተጎዳ ሰው አልነበረም።

በዚያ አገር አንድ ልማድ አለ። እናት የልጇን የሠርግ ቀሚስ ክሩን በገዛ እጇ ሳትፈትል ልጇን አትድርም። ገዝታ ወይም ተውሳ የዳረች እናት ልጇን እንደ ዕቃ አወጣቻት ተብላ ትታማለች። ፈታይዋ አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻት፤ እሷም ታጭታለች። ስለዚህ ከምርጡ ጥጥ ለይታ፣ የድሩን ክር ሁለት ሁለት ጊዜ እያከረረች፣ የማጉን እያለሰለሰች፣ ሁለት ክረምት ሙሉ ፈትላ ከሙዳይ አስቀምጣ ነበር። የቀራት ማሸመን ብቻ ነው።

ከተማ ውስጥ ደግሞ አንድ ልብስ ነጋዴ ነበረ። ይህ ሰው አንድ ቀን ቁጭ ብሎ አሰበና ተናደደ። ያናደደው የቀሚሱ አለማለቅ ነው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል፤ ጥምቀት ግን የሚመጣው በዓመት አንዴ ነው። እንግዲያው እኔ በየሳምንቱ አመጣዋለሁ አለ። በየቅዳሜው አዲስ ጥለት ያወጣል። ሚስቱን ያንኑ አልብሶ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይልካታል። ሚስቱም ያለፈውን ሳምንት ጥለት የለበሰች ሴት ስታይ ከራስ እስከ እግሯ ቃኝታ ፈገግ ትላለች። ክፉ ቃል ከአፏ አይወጣም፤ ፈገግታው በቂ ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ የከተማው ሴት ባለፈው ቅዳሜ ቀሚስ ከምትታይ ቤቷ ተዘግቶባት ብትውል የምትመርጥ ሆነች። ነጋዴው ዋጋውንም አረከሰው። እንዴት ሊረክስ ቻለ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ርካሽ ነገር ሲገኝ እጅ ይቀድማል፣ ጥያቄ ይቀራል።

የረከሰው በማን ጀርባ እንደሆነ ልንገርሽ። የነጋዴው ደላላ ወደ ቆላ ወረደና ወር የሚፈጀው ቀሚስ በሳምንት ይድረስ አለ። ሸማኔው አይሆንም ቢለው፣ ከወንዙ ማዶ ሌላ ሸማኔ አለ አለው። ወንዙን ተሻግሮም ለዚያኛው ይህንኑ ነገረው። ሁለቱም ፈርተው እሺ አሉ። ሁለት ጊዜ ይከርር የነበረው ድር አንድ ጊዜ ብቻ ከረረ፤ ቆይቶ እሱም ላላ። ሸማኔው ማጉን ሳያጠጋጋ ይወረውር ጀመር። ፈታይዋ፣ ይህ እኮ ከአንድ እጥበት አያልፍም ብላ ብትናገር፣ ደላላው ሳቀባት። ከአንድ በላይ ማን ሊያጥበው ነው አላት። በሥራዋ ታፍር ነበር። በዚያ ንግድ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ ያፈረችው እሷ ብቻ ናት።

አንድ ሳምንት ጥጥ አጠረ። ደላላው ቤቱን ሲቃኝ ሙዳዩን አየ። ፈታይዋ፣ «ይህ የልጄ ነው» ብላ ሙዳዩን ታቅፋ ቁጭ አለች። ደላላው አልተቆጣም። ነገሩ ከእኔ አይደለም፣ ነጋዴው ነው የሚያጣድፈኝ አለ። ይህ ቅዳሜ ባዶ ካለፈ ግን ወደዚህ ደጅ ዳግመኛ አልመጣም፤ ለልጅሽ ደግሞ ሌላ ትፈትይላታለሽ፣ እጅሽ አልተቆረጠ አላት። ወደ ባሏ ብታይ አቀርቅሯል። የሁለት ክረምት ክር በሦስት ቀን ተሸምኖ፣ ከሌሎቹ ቀሚሶች ጋር ታስሮ ሄደ።

ለልጇ ሌላ ልትፈትል በተቀመጠች ቁጥር ቅዳሜ ይደርስባታል። የሙሽራው ሽማግሌዎች መጡ፤ ቀሚሱ አልደረሰምና ቀን ተራዘመ። ደግመው መጡ፤ አሁንም ተራዘመ። ሦስተኛ ሲመጡ፣ እስከ ሃያ ቀን ካልሆነ ልጃችን ሌላ ቤት ይጠይቃል ብለው ሄዱ። በዚያው ሰሞን ወንዙ ሞላ። የመንደሩ ሸማኔዎች የሠሯቸው አርባ ቀሚሶች ለቅዳሜ መድረስ ሲገባቸው ለእሑድ አደሩ። ፈታይዋ ቀሚሶቹን ከጫነው አህያ ኋላ ተከትላ ከተማ ወጣች። አንድ ወር ፋታ ለምና የልጇን ቀሚስ ልትፈትል ነው።

ነጋዴው ቀሚሶቹን በጣቱ እንኳ አልነካቸውም። የትናንት ናቸው አለ። እንግዲያው ለነዳያን ይሰጡ ቢባል፣ ነዳይ የለበሰውን ማን ይገዛኛል አለና ከጓሮ አስከምሮ እሳት ለቀቀባቸው። ፈታይዋ ጭሱ እያቃጠላት ወር ፋታ ለመነችው። እሱም፣ እኔ ምን ላድርግ፣ የሚያስቸኩሉኝ የከተማው ሴቶች ናቸው፤ ሄደሽ እነሱን ለምኚ ብሎ በር ዘጋባት።

ስትመለስ ዝናብ መጣና ከአንድ ቤት ደጃፍ ተጠለለች። የቤቱ እመቤት ክፉ ሴት አልነበረችም። እናቴ፣ እግርሽን ጥረጊና ግቢ፣ እህል ቢጤ ላምጣልሽ ብላት ወደ ጓዳ ገባች። ፈታይዋ እግሯን ልትጠርግ አጎንብሳ የተነጠፈውን አየች። ጭቃ የጠጣ ቀሚስ ነው። ጫፉን በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችው። ሁለት ጊዜ የከረረ፣ ወደ ግራ የዞረ ድር ነው፤ ከሙዳይዋ የወጣው የልጇ ክር።

ከጣራው በሚወርደው ውሃ ቀሚሱን አጠበችው። እንዳልኩሽ ጠንካራ ክር ነው፤ ከጭቃው ሲጸዳ አንድ ቦታ እንኳ አልተተረተረም። ጨምቃ፣ አጥፋ፣ ከጉያዋ ከትታ መንገድ ጀመረች። ለልጇ የፈተለችውን ለልጇ ወሰደች። እመቤቲቱ እህሉን ይዛ ስትወጣ ሴቲቱ የለችም፣ ከደጃፏ የተነጠፈውም የለም። ሌባ ብላ ጮኸች። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታልና ሠፈርተኛው ሁሉ ወጥቶ ፈታይዋን እያዳፋ ከዳኛ ፊት አቆማት።

ፈታይዋ፣ «ጌታዬ፣ ክሩ የእኔ ነው። ግራኝ ነኝ፤ ሸማኔ ጠርተው ያስዳስሱት» አለች። ዳኛው አንድ ሸማኔ አስጠራ። ሸማኔው ዓይኑን ጨፍኖ ዳሰሰና በእውነት የዚች ሴት ክር ነው ብሎ መሰከረ። እመቤቲቱም አልካደችም። «ክሩስ የእሷ ይሁን፤ እኔ ግን በገንዘቤ ገዝቼዋለሁ» አለች። ዳኛውም፣ «ክሩ የእሷ ነው፤ ቀሚሱ ግን የአንቺ ነው» ብሎ ፈረደ።

እመቤቲቱ ቀሚሱን ይዛ ሄዳ መልሳ ከደጃፏ አነጠፈችው። ሃያው ቀን አለፈ፤ ሽማግሌዎቹ አልተመለሱም። ልጅቷም ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ለቅዳሜ ትፈትል ጀመር።

መሪጌታ ይህን ብለው ወደ ትርንጎ ዞሩ።

«ዳኛው አልተሳሳተም፣ ልጄ። እመቤቲቱም አልሰረቀችም። በገንዘቤ ገዛሁ አለች፣ ልክ እንዳንቺ፤ እውነቷን ነው። እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። በዚያ ከተማ አንድ ሌባ ሳይኖር የአንዲት ልጅ ዕድሜ ተሰረቀ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና እስቲ ሥሩን ፈልጊው። ሸማኔው ደላላውን ፈራሁ ይላል። ደላላው ነጋዴው ነው ይላል። ነጋዴው ሴቶቹ ናቸው ይላል። ያቺ ሴት አንቺ ነሽ። ይህን እጅጌ የሰፋችው የት እንዳለች፣ ባሕር ማዶ ትሁን ወይም እዚሁ ከከተማው ዳር ካለ ፋብሪካ፣ እኔ አላውቅም። አንቺም አታውቂም፤ ልትጠይቂም አላሰብሽ። ስሟን ባለማወቅሽ ግን ሰው መሆኗ አይቀርም፤ እሷም የምትድራት ልጅ ይኖራታል። ማንን በደልኩ አልሽኝ። እነዚያ ሁሉ ተራ በተራ በአንቺ አሳበቡ። ካንቺ ቀጥሎ የቆመ ሰው አላይም። አንቺስ በማን ልታሳብቢ ነው?»