አንድ ሰው የቀረው መኪና

በአንድ ወቅት፣ «ያን ቀን ለምን እኔን?» የሚል ጥያቄ ከልጅነቷ ጀምሮ በሆዷ ይዛ የኖረች ትንግርት የምትባል ሴት ነበረች። ጥያቄውን አውጥታ ለማንም ተናግራ አታውቅም። ዓይን አፋር ስለነበረች ሰው ከመጠየቅ መጽሐፍ መግለጥ ይቀላት ነበር፤ መጽሐፍ ደግሞ ስለዚያ ቀን ምንም አይልም።

ቀኑ እንዲህ ነበር። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ቆላማው የከተማው ክፍል፣ አባታቸውን ቀደም ብለው ያጡ ሁለት እህትማማቾች እናታቸውን ቀበሩ። ታላቅየዋ ታሪኬ፣ ታናሽየዋ ትንግርት ነበሩ። የእድሩ ድንኳን ሲነሳ ሽማግሌዎች ከግቢው ማንጎ ሥር ተቀመጡና አንዷን ልጅ ከሀዋሳ የመጣችው የእናታቸው እህት ዘርትሁን እንድትወስድ፣ ሌላዋን ጎረቤታቸው እትዬ ባዩሽ እንዲይዙ ወሰኑ። ዘርትሁን የምትመለሰው ሙዝ በጫነ አይሱዙ ነበር፤ ጋቢናው ከሹፌሩና ከእሷ ሌላ የሚይዘው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ልጆቹን የጠየቀ አልነበረም። እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ አይነገርም።

የተመረጠችው ታሪኬ ነበረች። ጉልበት አላት፣ ሥራ ትችላለች። ጠዋት ግን በዚያ ሁሉ ሙቀት ጋቢ ተከናንባ ስትንዘፈዘፍ ተገኘች።

«ወባ ነው» አሉ እትዬ ባዩሽ።

ዘርትሁን ጎንበስ ብላ ግንባሯን ዳሰሰቻት። «የባሌ እናት አልጋ ላይ ናቸው። በበሽተኛ ላይ በሽተኛ አልጨምርም» አለች። ከዚያ ቀና ብላ ግቢውን አየች። ትንግርት ደፉ ላይ ተቀምጣ ስኳር ተጠቅልሎበት የነበረ የጋዜጣ ቁራጭ ታነባለች።

«እሷን ስጡኝ።»

አይሱዙው ተነሳ። ታሪኬን የተሰናበታት ሰው አልነበረም።

ዘርትሁን ሀዋሳ ስትገባ ትንግርትን እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ እጅ ተቀበለቻት። አማቷን የምታጥበው፣ የምትገለብጠው፣ የምታጎርሰው ትንግርት ነበረች። ትምህርት ቤት ትልካታለች፤ ስትመለስ ደብተሯን ሳታስቀምጥ ሥራው ይጠብቃታል። ማሞገስ ብሎ ነገር ዘርትሁን አታውቅም። አሮጊቷ ካረፉ በኋላ ትንግርት ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። የዘርትሁን ባል ግን ልጅቷን ለዘመዱ ሊድር ቃል ሰጥቶ ነበርና «እሷ ከዚህ ቤት ከወጣች እኔም እወጣለሁ» አለ። ዘርትሁን አልወለደችም፤ በዚህ ዓለም ያላት እሱ ብቻ ነበር። በማግሥቱ የትንግርትን ሻንጣ ራሷ ተሸክማ መናኸሪያ አደረሰቻት። «ዞረሽ አትይኝ፤ ካየሽኝ እመልስሻለሁ» አለቻት። ባሏም እንዳለው ወጣ፤ እዚያው ሀዋሳ ሌላ አግብቶ ልጆች አፈራ። ዘርትሁን ከሐይቁ ብዙ በማይርቀው ቤቷ ብቻዋን ቀረች። አምና ስትሮክ መታትና ግማሽ አካሏ አልታዘዝ አላት። ሠራተኛ ቢቀጠርላት አንዷንም አላስቀመጠችም፣ ሁሉንም አባረረች። «የእኔን ገላ የሚያጥበው እኔ ያስተማርኩት እጅ ነው» ትላለች። ትንግርት አርባ ምንጭ ታሪኬ ጋ እንሂድ ስትላት ደግሞ፣ «ባሏ የተዋት ሴት ከተማውን ጥላ ሸሸች አልባልም!» ትላለች።

ታሪኬም በበኩሏ እትዬ ባዩሽ ቤት ብዙ አልቆየችም። ወደ እናቷ ቤት ተመልሳ በሩን ከውስጥ ቀረቀረች። የአባቷ ወንድሞች ቤቱን ሊይዙ ሲመጡ ደጃፉ ላይ ተጋድማ «በላዬ ላይ ተራመዱና ግቡ» አለቻቸው። የተራመደ አልነበረም። ትምህርቷን ትታ ገበያ ላይ ሙዝ ቸረቸረች። ማንጎ በደረሰ ቁጥር በአይሱዙ ሹፌሮች ለእህቷ ቅርጫት ሙሉ ትልካለች፤ አንድም ዓመት አልቀረባትም። የቤቱን ካርታ ስታሠራ የእህቷንም ስም አስገባች፤ እህቷ ግን አልጠየቀቻትም ነበር። ዓይኗ እየደበዘዘ ሲሄድ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ሐኪም ዘንድ የሄደችው ደንበኞቿን በድምፃቸው ብቻ መለየት ስትጀምር ነው። የዓይን ግፊት መሆኑንና መዘግየቷን ነገሯት። አሁን ጨልሞባታል። ውሃ ስታፈላ ክንዷን ተቃጥላለች፣ ደፉ ላይ ወድቃለች። ትንግርት ሀዋሳ እንሂድ ስትላት፣ «እዚህ ግድግዳው ያውቀኛል። እዚያ ሄጄ ዕቃ ልሁን?» ትላለች።

ሁለቱ ሴቶች ከዚያ ጠዋት ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም። ዘርትሁን ታሪኬን «ያቺ አስመሳይ» ትላታለች፤ ታሪኬ ዘርትሁንን «ያቺ መራጭ» ትላታለች።

ትንግርት ወላይታ ሶዶ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ነበር የምትሠራው። ሶዶ ላይ መንገዱ ይለያያል፤ አንዱ ወደ ሀዋሳ፣ አንዱ ወደ አርባ ምንጭ። ቅዳሜና እሑድን ተራ በተራ ትመላለሳለች። አንዷ ጋ ስትሆን ሌላዋ ትወድቃለች፤ ሌላዋን ልታነሳ ስትሄድ የመጀመሪያዋ ሳትታጠብ ትሰነብታለች። በመጨረሻ ለዝውውር ያመለከተችው ተፈቀደላት፤ ከሁለቱ ከተሞች አንዱን እንድትመርጥ ተነገራት።

«ይሄ ደግሞ ይጠየቃል? ሀዋሳ ነዋ!» አለ የሥራ ባልደረባዋ፣ የሀዋሳው ዘካርያስ። «ሰፊ መንገድ፣ የሐይቅ ዳር ነፋስ፣ ትኩስ አሳ!»

«አሳ ያለው እናንተ ጋ ብቻ መሰለህ እንዴ?» አለች የአርባ ምንጯ ምሕረት። «እኛ ሁለት ሐይቅ ነው ያለን፣ ሁለት!»

«ከነአዞው!»

«አዞው ከእናንተ ባጃጅ ነጂ ይሻላል። እሱ እንኳ አይቶ ነው የሚመጣብህ።»

ሁሉም ሳቁ፤ ትንግርትም አብራ ሳቀች። ከተማ የምትመርጥ መስሏቸው ነበር።

መልስ ከመስጠቷ በፊት ያንን የቆየ ጥያቄ ልታወጣው ቆረጠች። መጀመሪያ አርባ ምንጭ ወረደች። ታሪኬ ከማንጎው ሥር ተቀምጣ ሙዝ ትልጥ ነበር።

«እቴቴ፣ ያን ጠዋት አሞሽ ነበር?»

የታሪኬ ጣቶች ቆሙ። «አላመመኝም። እትዬ ባዩሽ የሚይዟት ልጅ እንደማትማር አውቅ ነበር። አንቺ ደግሞ ወረቀት ካየሽ እህል ውሃ አያሰኝሽም። ላንቺ ብዬ ነው የተንቀጠቀጥኩት።» የተላጠውን ሙዝ ዘረጋችላት፤ ትንግርት ከተቀመጠችበት ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ነበር የተዘረጋው። «ደግሞ አልዋሽሽም፣ ትንጌ። ፈርቼም ነበር። የእናቴን ቤት ጥዬ የሰው ገረድ ልሆን? ከምሄድ አንቺን ላክሁ።»

ትንግርት ሙዙን ተቀብላ በላች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሀዋሳ ሄደች። ዘርትሁንን አጥባ፣ አልብሳ፣ በረንዳው ላይ አስቀምጣት ሲያበቃ፣ «አክስቴ፣ ታሪኬ ያን ጠዋት አልታመመችም ነበር» አለቻት።

ዘርትሁን በተጣመመ አፏ ሳቀች። «ዛሬ ገና ልትነግሪኝ? ግንባሯን ነክቼዋለሁ እኮ። እንደ እንስራ ቀዝቃዛ ነበር።»

«ታዲያ እያወቅሽ ለምን እኔን?»

«እሷ አፍ ነበራት። አንቺ እናትሽ ሞታ እንኳ አታለቅሺም፣ ዝም ብለሽ ታነቢያለሽ። የማታለቅስ ልጅ አታስቸግረኝም ብዬ ነው።» ደኅናውን እጇን ጭኗ ላይ እያሻሸች፣ «መናኸሪያ ያደረስኩሽ ቀን ግን የማታለቅሰዋ እኔ ነበርኩ። ያንን ከአንቺ ነው የተማርኩት» አለች።

ትንግርት ስትራበው የኖረችውን መልስ አገኘች፤ መልሱም መራራ ነበር። ታላቅ እህቷ ወድዳም ፈርታም ላከቻት። አክስቷ ለዝምታዋ ስትል ወሰደቻት። አንዷ የጋቢናውን ቦታ ለቀቀችላት፤ ያ ቦታ ግን እሷ ራሷ የሸሸችው ነበር። አንዷ ለጉልበቷ ብላ አሳደገቻት፤ በመጨረሻ ግን ትዳሯን ከፍላ ነፃ አወጣቻት። አሁን አንዷ ዓይን ትፈልጋለች፣ አንዷ እጅ። ትንግርት ያላት ደግሞ አንድ ገላ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሶዶ መናኸሪያ ቆመች። በቀኝ በኩል ረዳቱ «ሀዋሳ! ሀዋሳ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮሃል። በግራ በኩል ሌላው «አርባ ምንጭ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» ይላል።

«እህት፣ ወዴት ነሽ?» አላት የቀኙ።

«ተዋት፣ የኛ ናት! ፊቷን አታይም?» አለ የግራው።

ከማን ጋር እንደምትኖር ሌሊቱን ቆርጣ ነበር፤ ያንን ለራሷ ነግራ ጨርሳለች። ይልቅ ልቧን የከበዳት ያ አይሱዙ ነው፤ ማንም ወደ ታሪኬ ዞር ብሎ ቃል ሳይተነፍስ ሙዙን ጭኖ የሄደው። ስለዚህ የመጨረሻ ውሳኔዋ ይህ ሆነ፦ መጀመሪያ የምትሄደው ልትኖርባት ወደመረጠቻት ከተማ አይደለም። መጀመሪያ የምትሄደው ወደምትተዋት ሴት ነው፤ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ፣ እጇን ይዛ፣ በገዛ አፏ «ከአንቺ ጋር አልኖርም» ልትላት።

ሻንጣዋን አነሳች። ከሁለቱ መኪኖች በአንዱ ገባች፤ የቀረው አንድ ወንበር ሞላ፤ ረዳቱ በሩን ዘጋ።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች እዚህ ላይ ዝም ይላሉ፤ መኪናው ወደ የትኛው መንገድ እንደታጠፈ አንዳቸውም አይናገሩም። እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፦ ቦታዋን የለቀቀችላት እህት ወይስ ትዳሯን የለቀቀችላት አክስት፣ ትንግርት ለማን ትገባለች? ያ መኪናስ ስንብት ይዞ የሚሄደው ወደ ማን ደጅ ነው?