ኖር ባዩ አውራ ዶሮ

ተረት ተረት ካላችሁኝ፣ ላሟን በረት አስገቡና ጠጋ በሉ።

ዱሮ ዝሆን ገበያ ዳር የማር ሱቅ ነበረው። ማር ሻጩ አውራ ዶሮ ግን ከማሩ ይልቅ አለቃው የሚጥመው ነበር። ጠዋት ዝሆን በበሩ ብቅ ሲል፣ የያዘውን ገዢ ትቶ፣ "ኖር! ሁላችሁም ተነሡ!" ብሎ ይጮሃል። ዝሆንም፣ "በእግዜር! አትነሡ" ይላል። አንድ ቀን ሚዛን ያዥዋ ጦጣ "እኔም ኖር ልበል" ብትል፣ "ይሄ የኔ ሥራ ነው፤ ሁለተኛ እንዳትሞክሪ!" ብሎ አፏን አስያዛት።

ዝሆን አርጅቶ አገሩ ሲገባ ሱቁንና የሚቀመጥበትን በርጩማ ለአውራ ዶሮ ተወለት። በማግስቱ አውራ ዶሮ ላባውን አበጥሮ፣ ደረቱን ነፍቶ ገባ። ንቅንቅ ያለ የለም።

"ምነው ዝም አላችሁ?" አለ።

"ኖር ማለት ያንተ ሥራ ነው ብለኸን የለ?" አለች ጦጣ።

አውራ ዶሮ በርጩማውን አየ። መሐሉ በዝሆን ክብደት ጎድጉዷል። ያ የዝሆን ወፍራም ድምፅ መደርደሪያውን ሲያንቀጠቅጠው ትዝ አለው። ቀስ ብሎ ወደ ቀድሞ ቦታው፣ ወደ በሩ ጥግ ተመለሰና ባዶውን በርጩማ እያየ፣ "ኖር" አለ።

"በእግዜር! አትነሡ" የሚል አልነበረም። ጦጣ ሚዛኗን አስቀምጣ ብድግ አለች።