ድምፅ አልሰጥም ያለው ሣጥን

ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ ፋታ ያለው ይቀመጥ፤ ደሴ ላይ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር የሆነውን ላውጋችሁ።

መምህር ይመር የሚባሉ ጡረተኛ የሙዚቃ አስተማሪ ነበሩ። ባለቤታቸው ሉባባ ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏታል። ከእሷ የቀራቸው ድምፅ በአንዲት ሲዲ ላይ ያለ አንድ ዘፈን ብቻ ነው፤ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ መምህሩ ክራር እየመቱላት የተቀዳ።

ሲዲዋን የሚሰሙት በሁለት ሣጥኖች ነው። አንደኛው ሲዲዋን እያሽከረከረ ያነባል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ሁለተኛው፣ የሙያው ሰዎች ዳክ የሚሉት፣ አንደኛው ያነበበውን ቁጥር ተቀብሎ ወደ ድምፅ እየመለሰ ለድምፅ ማጉያው ይሰጣል። መምህሩ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ክራር እያስተማሩ የገዟቸው ናቸው። ሰው፣ "ከሌላው ማጫወቻ በምን ይለያሉ?" ሲላቸው፣ "በሌላው ዘፈኗ ይሰማል። በእነዚህ ግን ከመዝፈኗ በፊት ትንፋሽ ስትስብ ትሰማለች" ይሉ ነበር። ጠዋት ጠዋት፣ ቁርስ ሳይቀምሱ፣ ያቺን ትንፋሽ ይሰማሉ።

አንድ ማክሰኞ መብራት ሄዶ ተመለሰ፤ ሲመለስ ግን በኃይል ነበር። አንባቢው ሣጥን ሲዲዋን ያሽከረክራል፣ ዳኩ ግን ጭጭ አለ። መምህሩ ሲዲዋን ይዘው ጎረቤት ሄዱና እዚያ ባለች ትንሽ ማጫወቻ ሞከሯት። ዘፈኗ አለ። ትንፋሿ የለም። አመስግነው ወጡ፤ ዳኩን በነጠላ ጠቅልለው አቅፈው ወደ ፒያሳ ወረዱ።

ፒያሳ ጌጤነህ የሚባል የሬዲዮ ጠጋኝ አለ፤ የቀድሞ ተማሪያቸው ነው። ሣጥኑን ፈታ፣ አሸተተው፣ መልሶ ቁጭ አደረገው።

"የተቃጠሉት ሁለት ፍሬዎች ናቸው፣ መምህር። ምትካቸው እጄ ላይ አለ። ግን እግራቸው ከሽፋሽፍት ይቀጥናል። መነጽሬ ከተሰበረ ወዲህ እጄ ነው የሚያውቀው፤ ዓይኔ አያይም። እንዲህ ሆኜ ብበይደው የቀረውንም አጠፋብዎታለሁ።"

"ሌላ መነጽር አታደርግም?"

"ሁለቱ ዓይኖቼ አይመሳሰሉም። ለእኔ የሚሆነውን የሚሞርደው አህመዲን ብቻ ነው። አዝዣለሁ፤ አልደረሰም።"

መምህሩም ሣጥኑን እዚያው ትተው ወደ አህመዲን ሄዱ። "ልጄ" አሉት፣ "አንተ መነጽሩን ካልሠራህ ጌጤነህ አያይም፤ ጌጤነህ ካላየ ሣጥኑ አይጠገንም፤ ሣጥኑ ካልተጠገነ ሲዲዋ ድምፅ አትሰጥም፤ ሲዲዋ ድምፅ ካልሰጠች እኔ የሉባባን ትንፋሽ አልሰማም።"

አህመዲን የሚሠራው በአባቱ መሞረጃ ነው። በወፍራም የቆዳ ጠፍር የሚዞር አሮጌ ድንጋይ ነው። ጠፍሩን አንሥቶ አሳያቸው፤ ከመሃል ተበጥሷል።

"መስታወቱ ተቆርጦ ተቀምጧል፣ አባባ። የሚያዞረው ነው ያጣሁት። ሁለት ጊዜ በሲባጎ አሰርኩት፣ ሁለቴም በጠሰው። ጫማ ሰፊው ደርበው ልስፋልህ ብሎኝ ነበር፤ ጠፋብኝ።"

ደርበው በሸዋ በር በኩል፣ ከአንድ ግንብ ሥር ነው የሚውለው። መምህሩ እዚያ ሲደርሱ በርጩማ ሰጣቸው። ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ "አንተ ጠፍሩን ካልሰፋህ ድንጋዩ አይዞርም" አሉት። "ድንጋዩ ካልዞረ መነጽሩ አይሠራም፤ መነጽሩ ካልተሠራ ጌጤነህ አያይም፤ ጌጤነህ ካላየ ሣጥኑ አይጠገንም፤ ሣጥኑ ካልተጠገነ ሲዲዋ ድምፅ አትሰጥም፤ ሲዲዋ ድምፅ ካልሰጠች እኔ የሉባባን ትንፋሽ አልሰማም።"

ደርበው አልሳቀም። ከመሥሪያ ዕቃው ሦስት ወስፌ አውጥቶ መዳፉ ላይ ደረደረላቸው። ሁለቱ ጎብጠዋል፣ አንዱ ተሰብሯል።

"የጠፋሁት አፍሬ ነው፣ ጋሼ። የገበያ ወስፌ ለጫማ እንጂ ለእንዲህ ያለ ቆዳ አይሆንም። ይህን የሚበሳ ወስፌ የሚያወጡት አንጥረኛው ጋሽ አሊጋዝ ነበሩ። ሁለት ወር ሆናቸው፣ እሳት አላነደዱም። ለምነናቸው እምቢ አሉ።"

መምህሩ የዚያን ቀን ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በማግስቱ ሊወጡ ሲሉ ዝናቡ ያዛቸው፤ ሦስት ቀን አላባራም። በአራተኛው ጠዋት አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ያቺን ትንፋሽ በልባቸው ሊሰሙ ሞከሩ። ረጅም ነበረች? ወይስ አጭር? በአፍንጫዋ ነበር የምትስበው ወይስ በአፏ? እርግጠኛ መሆን አቃታቸው። እዚያው ተቀምጠው ፈሩ። ሉባባ የሞተች ዕለት እንኳ እንዲህ አልፈሩም ነበር። ከዚያ ተነሥተው ዱላቸውን ይዘው ወጡ።

መንገዱን በሙሉ ለአንጥረኛው የሚሉትን እየደጋገሙ ነበር የሄዱት። እሳቱ ካልነደደ ወስፌው አይወጣም፤ ወስፌው ካልወጣ ጠፍሩ አይሰፋም፤ ጠፍሩ ካልተሰፋ ድንጋዩ አይዞርም፤ ድንጋዩ ካልዞረ መነጽሩ አይሠራም፤ መነጽሩ ካልተሠራ ጌጤነህ አያይም፤ ጌጤነህ ካላየ ሣጥኑ አይጠገንም፤ ሣጥኑ ካልተጠገነ ሲዲዋ ድምፅ አትሰጥም፤ ሲዲዋ ድምፅ ካልሰጠች እኔ የሉባባን ትንፋሽ አልሰማም።

አሊጋዝን ከቀዘቀዘው ምድጃ አጠገብ ተቀምጠው አገኟቸው። አሊጋዝ ቀና ሳይሉ፣ "ማረሻ ነው ቢላ?" አሏቸው።

መምህሩ አፋቸውን ከፈቱ። ከምድጃው ማዶ ወናፉ ተኝቷል፤ ከወናፉ ኋላ ሰው የሚቀመጥባት ድንጋይ አለች፤ ድንጋይዋ ላይ የታጠፈ ጋቢ ተቀምጧል። መምህሩ ጋቢውን አዩና ያን ሁሉ የመጡበትን ነገር ዋጡት።

"የማን ነው?" አሉ።

አሊጋዝ፣ "የወንድሜ" አሉ። "ሠላሳ ዓመት ወናፍ ነፍቶልኛል። ከሞተ ሁለት ወሩ ነው። ሰው ይመጣል፣ ማረሻ ይለኛል፣ ገጀራ ይለኛል። እሳቱን ማን ይንፋልህ ያለኝ የለም።"

"ስሙ ማን ነበር?"

"በላይነህ።"

መምህሩ መሬት ላይ ተቀመጡ። አሊጋዝም ስለ በላይነህ አወሩ፤ እየነፋ እንዴት እንደሚያንጎራጉር፣ በአንድ ክረምት እንዴት ወንዝ እንዳሻገራቸው፣ በመጨረሻ ሳል እንዴት እንደጣለው። መምህሩም ስለ ሉባባ አወሩ። ፀሐይዋ ዞረች። ስለ ወስፌ የተነገረ አንድም ቃል አልነበረም። መምህሩ ተሰናብተው ሊሄዱ ሲነሡ አሊጋዝ፣ "እርስዎ ለምን ነበር የመጡት?" አሏቸው።

ነገሯቸው። ከሲዲዋ ጀምረው እስከ እሳቱ፣ አንድም ሳያስቀሩ። አሊጋዝ አዳምጠው ሲጨርሱ ወደ ወናፉ አዩ።

"ወናፍ ይችላሉ?"

"አልችልም። ምት ግን እጠብቃለሁ።"

አሊጋዝ ጋቢውን አንሥተው በራሳቸው ትከሻ ላይ ጣሉት፤ መምህሩን በድንጋይዋ ላይ አስቀመጧቸው። መጀመሪያ አመዱ ብቻ ቦነነ። ከዚያ መምህሩ እንደ ክራር ትምህርት አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት እያሉ ነፉ።

ወናፉ ተነፋ፣ እሳቱም ነደደ። እሳቱ ነደደ፣ ወስፌው ወጣ። ወስፌው ወጣ፣ ደርበው ጠፍሩን ሰፋ። ጠፍሩ ተሰፋ፣ ድንጋዩ ዞረ። ድንጋዩ ዞረ፣ አህመዲን መነጽሩን ሠራ። መነጽሩ ተሠራ፣ ጌጤነህ አየ። ጌጤነህ አየ፣ ሣጥኑን ጠገነ።

መምህሩ ሣጥኑን ተቀብለው በቀጥታ ወደ ቤታቸው አልሄዱም። በአንጥረኛው በኩል ዞሩና አሊጋዝን ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንባቢው ሲዲዋን አሽከረከረ፤ ዳኩ ላይ ትንሿ መብራት በራች። ለአፍታ የአዳራሹ ዝምታ መጣ። ከዝምታው ውስጥ ሉባባ ትንፋሽ ሳበች። አጭር ነበረች፣ በአፏ፣ ሊስቅ እንዳለ ሰው። ከዚያ ዘፈነች። መምህሩ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ።

ዘፈኑ ሲያልቅ አሊጋዝ፣ "ገና ሳትጀምር የተሰማው እሷ ናት?" ብለው ጠየቁ።

"እሷ ናት።"

አሊጋዝ የወንድማቸውን ጋቢ ወደ ደረታቸው ሰብሰብ አደረጉ።

"እስቲ ይድገሙት" አሉ።

መምህር ይመር ደገሙት።