የኢንጂነሩ ዘጠኝ

ኢንጂነር ሽመክት ጃፓን ተምሮ ከተመለሰ ወዲህ፣ አማርኛ እያወራም ገንዘብ የሚቆጥረው እንደ ጃፓኖቹ በአስር ሺህ ነበር። ደመወዙን ሲጠይቁት "አራት" ይላል፤ አርባ ሺህ ማለቱ ነው።

ለፋሲካ ከብት ገበያ ወረደና አንዲት ባልቴት የያዘችውን ቀይ በሬ ወደደ።

"ስንት ነው፣ እማማ?"

"ዘጠና ዘጠኝ ሺህ።"

"ዘጠኝ ነው የሚባለው!" ብሎ አረማት። አስር አስር ሺህ ብር የያዙ ዘጠኝ እስሮች ቆጥሮ ሰጣትና የበሬውን ገመድ ያዘ።

"ዘጠኝ ሺህ ይቀራል፣ ጌታዬ።"

"አስር ሺህ ያልሞላ ዝርዝር ነው፤ የሰለጠነ ሰው ዝርዝር አይቆጥርም!" አለ፣ ገበያው ሁሉ እንዲሰማው ጮክ ብሎ።

ባልቴቷ ዘጠኙን እስር በነጠላዋ ቋጠረች። ከዚያ ገመዱን ቀስ ብላ ከእጁ ወሰደችው።

"ምን ማድረግዎ ነው? በሬዬ እኮ ነው!"

"እኛ ደግሞ በሬ የምንቆጥረው በጥማድ ነው፣ ጌታዬ። ሁለት ሆኖ ቀንበር ያልሞላ በሬ ዝርዝር ነው። እርስዎን የመሰለ የሰለጠነ ሰው በጠራራ ፀሐይ ዝርዝር እየጎተተ ቤቱ ሲገባ ሰው ምን ይላል?"