የሚያቃስተው ዲስክ

«ተረት ተረት!» ስላችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ። የዛሬው ተረት ላም የለበትም። «የዲስክ በረት» በሉኝ። ደግሞ ጮክ በሉ፤ ምሳችሁን በልታችኋል አይደል? ተረት ተረት!

የዲስክ በረት!

እንዲያ ነው። ከዕለታት አንድ ቀን፣ እንስሳውም ዕቃውም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ በአንዲት ከተማ ውስጥ የዓይነ ስውራን ቤተ መጻሕፍት ነበረ። መጻሕፍቱ በወረቀት አይደሉም፣ በድምፅ ናቸው። ድምፁም የአንዲት ሴት ድምፅ ነው፤ እትዬ አመለወርቅ ይሏታል። እትዬ አመለወርቅ በወጣትነቷ ጀምራ የታሪኩንም፣ የሕጉንም፣ የሂሳቡንም መጽሐፍ እያነበበች አስቀዳች። አንብባ ስትጨርስ ጉሮሮዋን ታመመች። ሐኪም ቤት ገብታ ስትወጣ ድምፅዋ እዚያው ቀረ፤ የተረፋት ሹክሹክታ ብቻ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የተቀዳው ከጠፋ «እስኪ እንደገና አንብቢልን» የሚባል ነገር የለም።

ያ ድምፅ የሚኖረው ጓዳ ውስጥ በቆመ የብረት ሣጥን ነው። ሰርቨር ይሉታል። በሣጥኑ ውስጥ አራት ወንድማማች ዲስኮች አሉ፤ ቻለው፣ ይበልጣል፣ ኩራባቸው እና ማንደፍሮ። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መሳቢያ አላቸው፤ በየመሳቢያው ደጃፍም አንዳንድ ትንሽ መብራት አለች።

የእነዚህ ወንድማማቾች አኗኗር ያስቀናል። መጽሐፉን ይከፋፈሉታል፤ ሲከፋፈሉት ግን አንዱ ስለ ሌላው ድርሻ ምልክት ይይዛል። ከአራቱ አንዱ ቢወድቅ ሦስቱ የያዙትን ገጣጥመው የወደቀውን ድርሻ ይመልሱታል። ሁለት ከወደቁ ግን አለቀ፤ የቀሩት ቢያለቅሱም አይመልሱትም። ይህቺን ነገር አትርሱብኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

የአራቱ ሞግዚት እዚያው ሣጥን ውስጥ የተሰካች ካርድ ናት፤ እሜቴ ካርድ ትባላለች። አራቱን አቅፋ ለውጭ ሰው እንደ አንድ ትልቅ ዲስክ አድርጋ ታሳያቸዋለች። ጭምት ናት፤ ካልጠየቋት አትናገርም። ከልጆቿ አንዱ ሲወድቅ ብቻ የምትነፋት ፊሽካ አለቻት።

የሣጥኑ አስተዳዳሪ ደግሞ ደቦ የሚባል ፕሮግራም ነው። ማሽኑን ሁሉ የሚያዝ እሱ ነው። ደቦ የተባለው በደቦ ስለተጻፈ ነው፤ ከየአገሩ ያለ ሰው አንዱ አንድ መስመር፣ ሌላው ሌላ መስመር እያዋጣ ጻፈው። ማንም ገብቶ አንጀቱን ማየት ይችላል። እሱም በዚህ ይኮራል።

«እኔ ከሰው የምደብቀው የለኝም፤ ከእኔም የሚደበቅ የለም!» ይላል።

የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛውን እናያለን።

ከሣጥኑ ጀርባ፣ ከግድግዳው ሥር፣ አይጢት ትኖር ነበር። አይጢት መጀመሪያ የሣጥኑን ሙቀት ወደደች። ከዚያ ሣጥኑን ራሱን ተመኘች።

«ይህ ሣጥን ቢሞት መጋዘን ይጥሉታል» አለቻቸው ልጆቿን። «መጋዘን ከጣሉት የእኛ ነው። አራት ክፍል ከነመሳቢያው!»

ከዚያ በኋላ ኩራባቸው ታመመ። ኩራባቸው ስሙን የሚመስል ሰው ነው። መርሳት ከጀመረ ሰንብቷል፤ ግን አይናገርም። ታላቁ ቻለው፣ «ወንድሜ፣ ምነው ዘገየህ?» ሲለው፣ «እኔ? እኔ ደህና ነኝ። አንተ ለራስህ እወቅ!» ይለዋል።

አንድ ጠዋት እሜቴ ካርድ ጠራችው፤ ዘግይቶ መለሰ። ሁለተኛ ጠራችው፤ የማይሆን መለሰ። ሦስተኛ ጠራችው፤ ዝም። እሜቴ ካርድ ፊሽካዋን አነሳች። ጢጥ! ጢጥ! ጢጥ!

የሣጥኑ ባለሙያ ጥላዬ ይባላል። በዚያ ሰዓት በስልክ ያወራ ነበር። አይጢት ከቀዳዳዋ ብቅ አለች።

«ጋሼ ጥላዬ፣ ይህቺ ካርድ አርጅታለች መሰለኝ። እንዲሁ ነው የምትጮኸው። ሥራ አላሠራችዎትም እኮ!»

«እውነትሽን ነው፣ ጆሮዬን በላችው» አለ ጥላዬ። «ደቦ! ይህቺን ፊሽካ ዝጋልኝ።»

ደቦ ታዛዥ ነውና ዘጋት። ለምን ጮኸች ብሎ የጠየቀ የለም። ይህ አንድ።

ሦስቱ ወንድማማቾች የኩራባቸውን ሸክም ተከፋፈሉት። ከሁሉ የባሰው በቻለው ላይ ወደቀ። ታላቅ ሆኖ ተፈጥሮ፣ ማን ይተወዋል? አንድ ተማሪ መጽሐፍ ከፍቶ የኩራባቸው ድርሻ ላይ ሲደርስ፣ ሦስቱ ሮጠው ያላቸውን ይገጣጥማሉ፣ የጎደለውን ይሞላሉ፣ ለእሜቴ ካርድ ያቀብላሉ። ቻለው እየሮጠ ጋለ። ከጋለ በኋላ ማቃሰት ጀመረ። «እህ… እህ…» የኩራባቸው መሳቢያ ግን ቀዝቅዛ ጸጥ ብላለች።

እትዬ አመለወርቅ ጥላዬን ጠጋ አለችና በሹክሹክታ አነጋገረችው።

«ልጄ፣ ድምፄ እየተንተባተበ ነው። እኔ ሳነብ አልተንተባተብኩም። እስኪ እየው።»

ጥላዬ ደቦን ጠየቀው። አይጢትም ፈጥና ወደ ደቦ ጆሮ ደረሰች።

«አንተ ሁሉን የምታይ! ያቺን ጭምት ካርድ ደጅ ልትጠና ነው? ሰው ይስቅብሃል። ያየኸውን ተናገር እንጂ።»

ደቦ ቀና ብሎ አየ። አንድ ትልቅ ዲስክ ቆሞ ታየው።

«ደህና ነው!» አለ በሙሉ አፉ።

አልዋሸም፤ ያየውን ተናገረ። ያየው ግን እሜቴ ካርድ ያሳየችውን ብቻ ነው። ይህ ሁለት።

የፈተና ሰሞን ደረሰ። ተማሪው ሁሉ አዳራሹን ሞላ፣ ሁሉም ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፋ። ሸክሙ በረታ። የቻለው ማቃሰት ኮሪደር ድረስ ይሰማ ጀመር። ድምፁም መሐል ዓረፍተ ነገር ላይ ይቆም፣ ይቆምና ይቀጥል ጀመር። እትዬ አመለወርቅ መጣች። ዓይኗ እንባ አቅሯል።

«ጥላዬ፣ ልጆቹ ሊፈተኑ ነው። እኔ ደግሜ ማንበብ አልችልም። ያ ድምፅ ከጠፋ እኔም አብሬ ጠፋሁ።»

«አይዞዎት እትዬ፣ ደህና ነው ተብያለሁ» አለ ጥላዬ፤ ነገር ግን ድምፁ ራሱን አላሳመነውም።

ይህን ደቦ ሰማ። «ደህና ነው ያለው ማን ነው? እኔ ነኝ» ብሎ አፈረ። ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ወደ እሜቴ ካርድ ሄደ።

«እሜቴ፣ እንደምን ዋሉ?»

«እግዜር ይመስገን።»

«ልጆችዎስ?»

«አሁን ገና ጠየቅኸኝ! ሦስቱ ቆመዋል። አንዱ ወድቋል።»

«መቼ ወደቀ?»

«ፊሽካዬን የዘጋህ ዕለት።»

«ታዲያ ምነው አይነግሩኝም?»

«በምን አፌ? አፌን ዘግተህ!»

ደቦ ክው አለ። ተመልሶም «ጥላዬ! ከአራቱ አንዱ ወድቋል!» ብሎ ጮኸ።

ጥላዬ ይህን ሲሰማ የትኛው እንደሆነ እንኳ አልጠየቀም። መደርደሪያ ላይ ምትኩ የሚባል አዲስ ዲስክ ነበር፤ አይጢት ሁልጊዜ «ሥራ ፈት ተቀላቢ» የምትለው። ጥላዬ ምትኩን ብድግ አድርጎ ወደ ጓዳው ሮጠ። ሣጥኑ ፊት ቆሞ አዳመጠ፤ የመጀመሪያው መሳቢያ ያቃስታል። ዳሰሰው፤ ይፋጃል። ሦስተኛውን ዳሰሰው፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ጸጥ ብሏል።

አይጢት ከኋላው መጣች።

«ጋሼ ጥላዬ፣ ምን ይጠብቃሉ? በሽተኛ ነው የሚያቃስት! ጸጥ ያለውማ ጤነኛ ነው። ይንቀሉት እንጂ!»

«እውነትሽን ነው» አለ ጥላዬ፣ እንደ ልማዱ። እጁን የቻለው መሳቢያ ላይ አሳረፈ።

«ኧረ እኔ አይደለሁም!» አለ ቻለው። «የማቃስተው የወንድሜን ተሸክሜ ነው!»

ማን ይስማው? የሣጥኑ ማራገቢያ ያጓራል። ጣቱ መቀርቀሪያው ላይ ነው። ቻለው ከተነቀለ ሁለት ወደቁ ማለት ነው። ሁለት ከወደቁ… አትርሱ ብያችሁ ነበር።

«እጅህን አንሣ!» አለ ደቦ።

«ምነው? የሚያቃስተው ይሄ አይደለም?»

«ፊሽካዋን ዝጋ አልከኝ፣ ሳልጠይቅ ዘጋሁ። ደህና ነው ወይ አልከኝ፣ ሳልጠይቅ መለስኩ። ሦስተኛ አላደርገውም። የወደቀው የትኛው እንደሆነ እሜቴ ካርድ ታውቃለች። የእሱን መብራት ታብራልን፤ ያን ጊዜ ትነቅላለህ።»

«ጊዜ የለንም እኮ ደቦ!»

«ለመጥፋት ጊዜ ካለን ለመጠየቅ አናጣም።»

ጥላዬ እጁን አነሳ። ደቦም «እሜቴ፣ እባክዎ የወደቀውን ያሳዩን» አለ። ሦስተኛው መሳቢያ ላይ፣ እዚያ ቀዝቃዛው ጸጥተኛው ደጃፍ ላይ፣ ትንሿ መብራት ብልጭ ድርግም አለች።

«እዚህ! እዚህ! እዚህ!»

ጥላዬ መሬት ላይ ቁጭ አለና ቻለውን «ይቅር በለኝ» አለው። ከዚያ ተነስቶ ኩራባቸውን ነቀለ።

«እኔ እኮ ደህና ነኝ» አለ ኩራባቸው እየተነቀለ።

በእሱ ቦታ ምትኩ ገባ። ምትኩ ባዶ ነው፣ የሚያውቀው አንድ ቃል የለም። ሦስቱ ወንድማማቾች ያስተምሩት ጀመር። «ይህቺን ገጽ ያዝ» ይላል ይበልጣል። «ይህቺንም ያዝ» ይላል ማንደፍሮ። «እህ… ይህቺንም» ይላል ቻለው። ሥራው ረጅም ነው፤ መሐል ላይ ቻለው ከወደቀ ደግሞ ሁሉም ከንቱ ነው። ደቦ ተማሪዎቹን «ዛሬን ታገሱን» ብሎ አዳራሹን አሳረፈ። እትዬ አመለወርቅ ወንበር ስባ ሣጥኑ አጠገብ ተቀመጠች። ድምፅዋን ተሸክሞ የኖረውን ዲስክ መሳቢያ በመዳፏ ይዛ፣ «አይዞህ ቻለው። አይዞህ ልጄ» ስትለው ዋለች።

ፀሐይ ስትጠልቅ እሜቴ ካርድ ሳይጠይቋት ተናገረች።

«አራቱም ቆመዋል!»

ደቦ የታሪኩን መጽሐፍ ከፈተ። የእትዬ አመለወርቅ ድምፅ፣ ያ የወጣትነቷ ጥርት ያለ ድምፅ፣ ጓዳውን ሞላው። ሳይንተባተብ ያነባል። እትዬ አመለወርቅም ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ በሹክሹክታ ከራሷ ጋር አብራ ታነብ ጀመር። እስከ ምዕራፉ መጨረሻ ቃል በቃል አነበበች። የጎደለ ቃል አላገኘችም።

ከዚያ ወዲህ ጥላዬ ፊሽካዋን አስከፈተ። ምትኩ የሚቀመጥበት መደርደሪያ ባዶ እንዳይሆን አዲስ ዲስክ አስገዛ፤ ተጠባባቂ መኖሩም ቻለውን ከስጋት አሳረፈው። አራት ወንድማማች በአንድ ጣሪያ ሥር ካደሩ እሳት ቢነሳ አብረው መሄዳቸው ነው ብሎም፣ የመጻሕፍቱን ቅጂ ሌላ ሰፈር ሌላ ቤት አስቀመጠ። ደቦም ጠዋት ጠዋት ሳያስታውሱት «እሜቴ፣ ልጆችዎስ?» ይላል።

አይጢትስ? አይጢት ሣጥኑን ልትጠብቅ ቀድማ መጋዘን ገባች። ሣጥኑ ግን አልመጣላትም፤ የመጣላት ኩራባቸው ብቻ ነው። በብርድ ላይ ጎን ለጎን ተኝተው «ወንድም ኩራባቸው፣ አይበርድህም?» ትለዋለች። እሱም «ኧረ ደህና ነኝ» ይላታል።

የሚያቃስት ሁሉ በሽተኛ አይደለም፤ የተሸከመም ያቃስታል። ጸጥ ያለ ሁሉ ጤነኛ አይደለም፤ የወደቀም ጸጥ ይላል።

በሉ፣ ተረቴን መልሱልኝ። አፌን በዳቦ ማበሱ ይቅርባችሁ። ቤታችሁ ስትገቡ ግን ያን ዝምተኛ ወንድማችሁን «እንዴት ነህ?» በሉልኝ። «ደህና ነኝ» ካላችሁ፣ እባካችሁ፣ አንዴ ድገሙለት።